የባቡር መስመሩን ማን ይክፈል? ከመፈረም በፊት የሚነበብ ንጽጽር

በ2009 ጀርመን ውስጥ አንድ ትልቅ ውል ተፈረመ። የሽቱትጋርትን ዋና ባቡር ጣቢያ ከመሬት በታች አውርዶ ከአዳዲስ ዋሻዎች ጋር ለማገናኘት ዶይቸ ባን የተባለው የመንግሥት ባቡር ድርጅት፣ የባደን ቩርተምበርግ ክልል፣ ከተማው፣ የአካባቢው ከተሞች ማኅበርና የአውሮፕላን ማረፊያው ድርሻ ድርሻቸውን ተከፋፈሉ። እስከ 4.5 ቢሊዮን ዩሮ ድረስ ማን ስንት እንደሚያዋጣ በግልጽ ተጻፈ። ወጪው ከዚያ ካለፈስ? ውሉ የሚለው ተዋዋዮቹ ይነጋገራሉ ብቻ ነበር። ወጪው ከ11 ቢሊዮን አለፈ። ተነጋገሩ፤ አልተስማሙም። ድርጅቱ በ2016 አጋሮቹን ከሰሰ፤ በ2024 ፍርድ ቤቱ ጭማሪውን ብቻህን ቻል ብሎ ወሰነበት። ድርጅቱ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ስለሆነ ዕዳው ዞሮ ዞሮ በግብር ከፋዩና በተሳፋሪው ላይ ወደቀ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጀርመን ጠበቃም መሐንዲስም የሚቸግራት አገር አይደለችም። እዚያ እንኳ ይህ ከሆነ፣ "ይህን ያህል በመቶ መንግሥት፣ ይህን ያህል ክልሉ፣ የቀረው በብድር" የሚል ሰንጠረዥ ብቻውን ማንንም ሊያረጋጋ አይገባም።

ምክንያቱም "ማን ይክፈል?" ስንል ሦስት ጥያቄ በአንድ ስም እየጠራን ነው። ዛሬ ለኮንትራክተሩ የሚከፈለውን ጥሬ ገንዘብ ማን ያመጣል? በመጨረሻ ከማን ኪስ ይወጣል? ወጪው ሲያልፍ ወይም ተሳፋሪው ሲቀር የሚጎዳው ማን ነው? ባንክ የመጀመሪያውን ጥያቄ ይመልሳል፤ ሁለተኛውን ግን አይመልስም። ብድር የሚከፈለው ወይ ከታክስ፣ ወይ ከትኬት፣ ወይ ከመሬት ነው፤ አራተኛ ምንጭ ሲፈለግ የሚገኘው ዕዳ መሰረዝ ብቻ ነው።

እኔ ሦስተኛው ጥያቄ መጀመሪያ መጠየቅ አለበት ባይ ነኝ። ዴንማርካዊው ተመራማሪ ቤንት ፍሊውብዬርግና ባልደረቦቹ የብዙ አገር ፕሮጀክቶችን ሰብስበው ሲያነጻጽሩ፣ የባቡር ሥራዎች በአማካይ ከተገመተላቸው ወጪ 45 በመቶ ገደማ አልፈው ተገኝተዋል። የተሳፋሪው ቁጥር ደግሞ ከትንበያው በአማካይ በግማሽ ያህል አንሷል። ስለዚህ ከታች ያሉትን አማራጮች ስታነጻጽሩ በእያንዳንዱ ላይ ወጪው በግማሽ ቢጨምርና ተሳፋሪው በግማሽ ቢቀንስ ማን ምን ይሆናል ብላችሁ አስቡ። ከዚህ ፈተና የሚያልፈው አማራጭ ከምታስቡት ያነሰ ነው።

ማዕከላዊ መንግሥት ቢከፍል

የማዕከላዊ ግምጃ ቤት ትልቁ ጥቅም ትከሻው ሰፊ መሆኑ ነው። ከማንም በርካሽ ይበደራል፤ አንድ ፕሮጀክት ቢከስር አይወድቅም። ብዙ ክልሎችን የሚያቋርጥ ዋና መስመር ደግሞ ጥቅሙ ለሁሉም የሚዳረስ ስለሆነ ሁሉም ቢያዋጣለት ፍትሐዊ ነው። ገቢው ትንሽ የሆነ ክልል በራሱ አቅም ሀዲድ ሊዘረጋ አይችልም፤ በዚያ ላይ ቀድሞ ያደገው ብቻ ባቡር የሚያገኝ ከሆነ ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል።

ጉዳቱ ሁለት ነው። ሌላው ሰው በሚከፍለው ገንዘብ ሁሉም ትልቁን ይመርጣል፦ በድልድይ ፋንታ ዋሻ፣ በአንድ ጣቢያ ፋንታ ሦስት፣ ተራው መስመር በሚበቃበት ቦታ ፈጣኑ። ሁለተኛው የፖለቲካ ዕድሜ ነው። ባቡር ለመሥራት አሥራ አምስት ዓመት ይፈጃል፤ መንግሥት በአራትና አምስት ዓመት ይቀየራል። እንግሊዝ ውስጥ ኤችኤስ2 የተባለው ፈጣን መስመር ከሞላ ጎደል ከማዕከላዊ በጀት የሚከፈል ነበር። በጥቅምት 2023 ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ከበርሚንግሃም ወደ ማንችስተር የሚሄደውን ክፍል ሰረዙት። የሰሜኑ ከተሞች ለዓመታት ዕቅዳቸውን በዚያ መስመር ላይ ሲገነቡ ኖረው ነበር፤ ውሳኔው ሲመጣ ግን ገንዘቡ የነሱ ስላልሆነ ድምፃቸውም የሚያስቆም አልሆነም።

ክልሉና ከተማው ሲያዋጡ

ጃፓን ሺንካንሰን ለተባሉት አዳዲስ ፈጣን የባቡር መስመሮቿ የምትጠቀምበት ቀመር ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። መስመሩ ሲያልቅ በላዩ ባቡር የሚያንቀሳቅሰው ኩባንያ ከሚያገኘው ጥቅም ልክ ኪራይ ይከፍላል። ከዚያ የቀረውን ወጪ ማዕከላዊ መንግሥቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ መስመሩ የሚያልፍበት ክልል አንድ ሦስተኛውን ይሸፍናሉ። ክልሉ የራሱን ገንዘብ ስለሚያወጣ ጣቢያ የሚጠይቀው በእርግጥ ሲፈልገው ነው። ይህ የግብር ከፋዩን ገንዘብ ከብዙ ቅንጦት ያድናል።

ስዊዘርላንድም ሕዝበ ውሳኔ ካደረገችበት ከ2014 በኋላ ካንቶን የሚባሉት ክልሎቿ በየዓመቱ ከ500 ሚሊዮን ፍራንክ ያላነሰ ወደ ብሔራዊው የባቡር ፈንድ ያስገባሉ። ገንዘቡ ከጠቅላላው ትንሽ ነው፤ ግን ካንቶኖቹን ከለማኝነት ወደ ባለድርሻነት ያሸጋግራቸዋል፤ በዕቅዱ ላይም የሚደመጡት ከፍለው ስለሆነ ነው።

የዚህ አማራጭ አደጋ ጀማሪው ክልል የሌሎችን ተስፋ እንደ ገንዘብ ሲቆጥር ይታያል። የካሊፎርኒያ መራጮች በ2008 ለፈጣን ባቡር ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቦንድ አጸደቁ። ያኔ ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ሎስ አንጀለስ ያለው መስመር ግምት ከ30 ቢሊዮን ትንሽ አለፍ ያለ ነበር፤ የጎደለውን የፌዴራሉ መንግሥትና የግል ባለሀብት ይሞሉታል ተባለ። ዛሬ ግምቱ ከ100 ቢሊዮን በላይ ነው። ባለሀብቱ አልመጣም፤ የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ በ2025 የመደበውን 4 ቢሊዮን ዶላር ያህል መልሶ ወሰደ። በአንጻሩ የፍሎሪዳ ገዥ በ2011 የቀረበላቸውን 2.4 ቢሊዮን የፌዴራል ዶላር አንቀበልም ብለው መለሱ፤ ምክንያታቸው ወጪው ካለፈ ዕዳው በክልሉ ላይ ይቀራል የሚል ነበር። ብዙዎች ወቅሰዋቸዋል። ባቡሩ ያስፈልግ ነበር ወይስ አያስፈልግም የሚለው ለብቻው የሚያከራክር ነው፤ ጥያቄው ግን ትክክለኛው ጥያቄ ነበር።

መሬቱና አሠሪው፦ በብዛት የሚረሳው ከፋይ

ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባዶ ቦታ ያለው ሰው አንድ ድንጋይ ሳያነሳ ሀብታም ይሆናል። መስመሩ በታወጀ ማግስት የመሬቱ ዋጋ ይጨምራል፤ ሲመረቅ ደግሞ እንደገና። ያን ጭማሪ የፈጠረው የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ የሚሰበስበው ግን ባለይዞታው ነው። ከሁሉም አማራጮች እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ የዚህን ጭማሪ አንድ ክፍል ወደ ሀዲዱ የሚመልሰው ነው።

ይህን የሚያደርጉ መንገዶች ግን በጣም ይለያያሉ። አንደኛው ባቡሩንና መሬቱን በአንድ እጅ መያዝ ነው። ጃፓናዊው ኢቺዞ ኮባያሺ በ1910 ኦሳካ አካባቢ ብዙ ሰው በማይኖርበት ገጠር ሀዲድ ሲዘረጋ፣ በመስመሩ ዳር መሬት ገዝቶ ቤት እየሠራ በየወሩ በሚከፈል ዋጋ ሸጠ። ቤቱን የገዛው ሰው በየቀኑ ተሳፋሪ ሆነ። በኋላም በመስመሩ መነሻ ላይ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ከፈተ። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ደግሞ መንግሥት ለባቡር ኩባንያው በጣቢያዎቹ ላይና ዙሪያ የማልማት መብት ይሰጠዋል፤ ኩባንያው ለመሬቱ የሚከፍለው ባቡሩ ሳይመጣ በነበረው ዋጋ ነው። ከዚያ ከቤት ገንቢዎች ጋር ተሻርኮ የዋጋውን ልዩነት ለመስመሩ ያውለዋል። ይህ የሚሠራው ግን መሬቱ የመንግሥት በሆነበትና ሕዝቡ ተጠጋግቶ በሚኖርበት ቦታ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ታክስ ነው። የለንደኑ ኤሊዛቤት መስመር ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ከ2010 ጀምሮ በከተማው ውስጥ ትልልቅ የንግድ ሕንፃዎች ላይ በየዓመቱ በሚገመተው የኪራይ ዋጋቸው ከእያንዳንዱ ፓውንድ 2 ፔኒ ተጨማሪ ተጣለ፤ ትንንሽ ሱቆች ነፃ ሆኑ። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ አዲስ የሚገነባ ሁሉ በካሬ ሜትር መዋጮ ከፈለ። ከንግድ ሕንፃዎቹ በሚሰበሰበው ላይ ተመሥርቶ የከተማው አስተዳደር 4.1 ቢሊዮን ፓውንድ አዋጣ። መስመሩ በ2018 መጨረሻ ይከፈታል ተብሎ በ2022 ተከፈተ፤ ወጪውም ከ14.8 ቢሊዮን ወደ 19 ቢሊዮን ተጠጋ። ያኔ ማዕከላዊው መንግሥት ለጭማሪው ያቀረበው በአብዛኛው ብድር ነበር፤ የሚመለሰውም ከእነዚያው የለንደን ታክሶች ነው። ሽቱትጋርት ላይ የጎደለው ይህ ነው፦ ጭማሪው ሲመጣ የሚከፈልበት የታወቀ ምንጭ።

ሦስተኛው አሠሪዎችን ማስከፈል ነው። ፈረንሳይ ከ1971 ጀምሮ በፓሪስ አካባቢ ያሉ አሠሪዎች ከሚከፍሉት ደመወዝ ላይ ለትራንስፖርት ታክስ ታስከፍላለች፤ ዛሬ 11 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለው ይከፍላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ባቡሩ ሠራተኛውን ጠዋት በሰዓቱ ለአሠሪው ያደርስለታል። 200 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 68 ጣቢያዎች የታቀዱለት ግራንድ ፓሪ ኤክስፕረስ ደግሞ በዋናነት በቢሮዎችና በሌሎች ሕንፃዎች ላይ በተጣሉ ልዩ ታክሶች ዋስትና በተወሰደ ብድር እየተሠራ ነው።

ስለዚህ አማራጭ ማስጠንቀቂያዎቹንም ልናገር። የመሬት ገንዘብ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ ኮንትራክተሩ ግን ዛሬ ይጠይቃል። የቤት ገበያ ሲቀዘቅዝ ዕቅዱ ይናጋል፦ ኮፐንሃገን ሜትሮዋን ኦረስታድ በተባለ አዲስ ሰፈር የመሬት ሽያጭ ለመክፈል አቅዳ ሽያጩ ከታሰበው ዘግይቶባታል። የይዞታ መዝገብና ታማኝ የንብረት ግመታ በሌለበት አገር ታክሱ የሚሰበሰበው በወረቀት ላይ ብቻ ነው። መስመሩ የት እንደሚያልፍ ቀድመው የሚያውቁ ሰዎች መሬቱን በርካሽ ይገዛሉ፤ ስለዚህ የታክሱ ሕግና የመነሻ ዋጋው ቀን መስመሩ ከመታወጁ በፊት መወሰን አለባቸው። ተከራዮችም አሉ፤ የቤት ኪራይ ሲጨምር ጣቢያው ለነሱ ተሠርቶ እነሱ ከአጠገቡ ይለቃሉ። ከሚገኘው ገንዘብ የተወሰነው በጣቢያው ዙሪያ በዝቅተኛ ኪራይ ለሚቀርቡ ቤቶች እንዲውል በሕጉ ካልተጻፈ በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

ተሳፋሪው፣ ጫኙና የጭነት መኪናው

"የተጠቀመ ይክፈል" የሚለው መርህ ለጆሮ ይጥማል። ግን የክልል ተሳፋሪ ባቡር ትኬት አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ማስኬጃውን እንኳ አይሸፍንም፤ የግንባታውንማ ተዉት። ዋጋውን ከፍ ካደረጋችሁት ተሳፋሪው ወደ አውቶቡስና ወደ መኪና ይመለሳል፤ ሀዲዱ ባዶ ይቀራል። ከትኬት የሚጠበቀው ጥገናውንና የዕለት ሥራውን በከፊል እንዲደግፍ ነው። ጭነት ይሻላል፦ ወደብን ከመሃል አገር የሚያገናኝ መስመር ቋሚና ከባድ ጭነት ካለው ከጫኙ ብዙ መሰብሰብ ይችላል።

ስዊዘርላንድ ግን ሌላ ተጠቃሚ አገኘች። ከ2001 ጀምሮ ከባድ የጭነት መኪኖች በክብደታቸው፣ በሄዱበት ርቀትና በጭሳቸው መጠን ይከፍላሉ። ከገቢው ትልቁ ድርሻ 57 ኪሎ ሜትር ርዝመት ላለው የጎትሃርድ ዋሻና ለሌሎች የአልፕስ ዋሻዎች ዋለ፤ ጎትሃርድ በ2016 ተከፈተ። መኪናው ለመንገዱና ለአየሩ ጉዳት ይከፍላል፤ ገንዘቡ ጭነቱ ወደ ሀዲድ የሚሸጋገርበትን መንገድ ይሠራል። ሕዝቡም በ1998 በድምፁ አጽድቆታል። ከታክሶች ሁሉ ይህን ያህል ዓላማውን በራሱ አሰባሰብ የሚያስፈጽም አላየሁም።

የግል ባለሀብት

ማርጋሬት ታቸር እንግሊዝንና ፈረንሳይን የሚያገናኘው የባሕር ሥር ዋሻ በመንግሥት ገንዘብ እንዳይሠራ ቆርጠው ነበር። በ1994 የተከፈተው ዋሻ በአክሲዮንና በባንክ ብድር ተሠራ፤ ወጪው ከግምቱ 80 በመቶ ገደማ አለፈ፤ ተሳፋሪውም ከተተነበየው በእጅጉ አነሰ። ኩባንያው ከዕዳው ከግማሽ በላዩ ተሰርዞለት በ2007 ከመፍረስ ተረፈ። በጣም ብዙ ተራ ሰዎች ባለአክሲዮን ነበሩ፤ ቁጠባቸው ከሞላ ጎደል ጠፋ። ዋሻው ግን ዛሬም ይሠራል። የሁለቱ አገሮች ግብር ከፋዮች ተርፈዋል፤ በምትካቸው የከፈሉት ቆጣቢዎች ናቸው።

ብዙውን ጊዜ ግን መንግሥት አይተርፍም። ታይዋን በ2007 የከፈተችው ፈጣን ባቡር በግል ኩባንያ ተገንብቶ ለ35 ዓመት ሊተዳደር የታቀደ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ የዕዳው ክብደት ኩባንያውን አንገዳገደው፤ በ2009 አስተዳደሩ በመንግሥት እጅ ገባ፤ በ2015 የፋይናንስ ማስተካከያ ተደርጎ ዘመኑ ወደ 70 ዓመት ተራዘመ። ሕዝብ የሚጓዝበትን ባቡር ማንም መንግሥት ዘግቶ አይሄድም፤ አበዳሪዎችም ይህን ስለሚያውቁ ይተማመኑበታል።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ2010 ሥራ የጀመረው ጋውትሬን የተባለው ባቡር ነገሩን ቢያንስ በግልጽ አድርጎታል። ባቡሩን በውል ለተወሰነ ዘመን የሚያስተዳድረው የግል ኩባንያ ገቢ ከተወሰነ መጠን ካነሰ የጋውቴንግ ክልል ልዩነቱን ይከፍል ነበር። ክልሉም በየዓመቱ ከበጀቱ ትልቅ ገንዘብ ለዚህ መመደብ ነበረበት። ውሉን ሲያነቡት ተሳፋሪ የመቅረት አደጋው የማን እንደሆነ አያጠራጥርም፤ ዋስትናው ግን የግል ገንዘብ የተባለውን ከመንግሥት ብድር ብዙም እንዳይለይ ያደርገዋል፤ የወለዱ ውድነት ሲቀር።

የግል ኩባንያ በተቆረጠ ዋጋና በተወሰነ ጊዜ እንዲገነባ፣ ባቡሩንም በሰዓቱ እንዲያስኬድ ብታደርጉት የሚችለውን አደጋ ሰጣችሁት ማለት ነው። የተሳፋሪውን ቁጥር እንዲሸከም ብታደርጉት ግን ወይ ውድ ዋጋ ይጠይቃችኋል፣ ወይ ሲከስር ይመልስላችኋል።

የውጭ ብድር

የውጭ ብድር በራሱ ክፉ አይደለም። የጃፓን የመጀመሪያው ሺንካንሰን በ1961 ከዓለም ባንክ 80 ሚሊዮን ዶላር ተበድሯል። መጠኑ ከጠቅላላ ወጪው ትንሽ ነበር፤ ጥቅሙ መንግሥት የውጭ ግዴታ ስለገባ ሥራውን አቋርጦ እንዳይተወው ማሰሩ ነው። ወጪው ከግምቱ በእጥፍ ገደማ ሲያልፍ የባቡር ድርጅቱ ፕሬዚዳንት ሺንጂ ሶጎ በ1963 ከሥልጣን ወረዱ፤ መስመሩ ግን በ1964 ተከፈተ፤ ብድሩም በ1981 ተከፍሎ አለቀ። ያ መስመር የሚያገናኘው ቶኪዮንና ኦሳካን ስለነበር በገቢው ዕዳውን ቻለ።

ችግሩ የሚመጣው የብድሩ ገንዘብና የመስመሩ ገቢ ሲለያዩ ነው። ትኬት በአገር ገንዘብ ይሸጣል፤ ዕዳ በዶላር ይከፈላል። የአገሩ ገንዘብ በግማሽ ሲረክስ፣ አንድም ተሳፋሪ ሳይቀንስ ዕዳው በእጥፍ ይጨምራል። ሁለተኛው ችግር ጊዜ ነው። ሀዲድ ሃምሳና ስልሳ ዓመት ያገለግላል፤ ገቢውም ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ብድሩ በአሥርና በአሥራ አምስት ዓመት ይመለስ ከተባለ፣ የእፎይታ ጊዜው ባቡሩ ገና ሳይለመድ ያልቃል።

750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ሁለቱንም አይቷል። በአብዛኛው ከቻይናው ኤክዚም ባንክ በተገኘ ብድር ተሠርቶ በ2016 ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራ የጀመረው ግን በጥር 2018 ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የመክፈያው ጊዜ ከ10 ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ከአበዳሪው ጋር ስምምነት ተደረገ። 30 ዓመቱ ለባቡር የሚመጥነው ልክ ነው፤ ከመጀመሪያው በውሉ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ድርድሩ ከጭንቀት ሳይሆን ከአቅም ይጀመር ነበር። የኬንያው የሞምባሳ–ናይሮቢ መስመር ከዚያው ባንክ በ2014 3.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተበድሮ፣ ግማሹ በቅናሽ ወለድ ግማሹ በንግድ ወለድ፣ በ2017 ተከፈተ። ኬንያ አንድ ብልህ ነገር አድርጋለች፤ በ2013 ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ 1.5 በመቶ የባቡር ልማት ቀረጥ ጣለች። ከፋዩ ተለይቶ ታወቀ ማለት ነው። ግን ቀረጡን ለሕፃን ልጁ ሸሚዝ የሚገዛ ሁሉ ይከፍለዋል፣ ባቡሩ በማይደርስበት አካባቢም ቢኖር። በዚያ ላይ የባቡሩ ገቢ ለዓመታት የሥራ ማስኬጃውን እንኳ አልሸፈነም።

ላኦስ በ2021 ከቻይና ድንበር እስከ ዋና ከተማዋ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሀዲድ ስትከፍት ባለቤቱ የጋራ ኩባንያ ነበር፤ 30 በመቶው የላኦስ። ዕዳው የኩባንያው ስለሆነ ከቀጥተኛ የመንግሥት ዕዳ ይሻላል። ነገር ግን ላኦስ የአክሲዮን ድርሻዋን ለመክፈል ራሱ 480 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች። "በሽርክና" የሚል ቃል በሰማችሁ ቁጥር ድርሻው ከየት እንደመጣ ጠይቁ።

ድንበር የሚሻገር መስመር

እዚህ ላይ ሒሳቡ ይበልጥ ይከብዳል፤ ወጪው የሚወጣበት ቦታና ጥቅሙ የሚያርፍበት ቦታ ላይገጥሙ ይችላሉና። በ2000 የተከፈተው የኦረሱንድ ድልድይና ዋሻ ቀላሉን መልስ ያሳያል። ዴንማርክና ስዊድን እኩል ባለቤት የሆኑበት ኩባንያ በሁለቱ መንግሥታት ዋስትና ተበደረ፤ መኪኖች በየማቋረጡ፣ ባቡሮች ደግሞ በዓመት በተቆረጠ ክፍያ ይመልሱታል። "እያንዳንዱ አገር በራሱ መሬት ያለውን ይሥራ" የሚለው የተለመደው ክፍፍል ከዚህ ይልቅ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ግን አንዱ ሲዘገይ የሌላው ሀዲድ የትም አይደርስም። ስዊዘርላንድ ጎትሃርድን ስትጨርስ ከጀርመን በኩል የሚመጣው መስመር ማስፋፊያ ገና አላለቀም ነበር። በጣሊያን በኩል ግን ስዊዘርላንድ አልጠበቀችም፤ በ2014 በተፈረመ ስምምነት በጣሊያን መሬት ላይ ላለው የሉዊኖ መስመር ማሻሻያ 120 ሚሊዮን ዩሮ በስጦታ ከፈለች። ከዋሻው ወጪ አንጻር ትንሽ ነው፤ ያለዚያ ግን ከፍታ ያላቸው የጭነት ፉርጎዎች በዚያ መንገድ አያልፉም ነበር። ጥቅሙ የበለጠ ለኔ ከሆነ በጎረቤቴም ግቢ ልከፍል ማለት ውርደት አይደለም።

ሦስቱን የባልቲክ አገሮች (ኢስቶኒያ፣ ላትቪያና ሊቱዌኒያ) ከፖላንድ የሚያገናኘው ሬይል ባልቲካ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። የአውሮፓ ኅብረት እስከ 85 በመቶ የሚደርስ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል። የሦስቱ አገሮች ኦዲተሮች በ2024 እንዳሳወቁት ግን በ2017 5.8 ቢሊዮን ዩሮ የተባለው ወጪ ወደ 24 ቢሊዮን ተጠግቷል። ኅብረቱ የሚሰጠው በየጊዜው በሚወዳደሩበት በጀት ስለሆነ ለጭማሪው ቃል የገባ የለም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን መሃል ላይ ያለው ነው። የጃፓኗ ሳጋ ክልል በፉኩኦካና በናጋሳኪ መካከል ትገኛለች። ሺንካንሰኑ ለናጋሳኪ ትልቅ ነገር ነው፤ ሳጋ ግን ቀድሞም በተራው ባቡር ወደ ፉኩኦካ ቅርብ ናት፤ የምታተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነው። በቀመሩ መሠረት ግን በመሬቷ ላይ ላለው ክፍል የአንድ ሦስተኛውን ዕዳ ትሸከማለች፤ ነባሩ ባቡሯም ሊቀንስባት ይችላል። እምቢ አለች። በ2022 66 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የናጋሳኪ ወገን ብቻ ተከፈተ፤ ከሌላው የሺንካንሰን መረብ ጋር አልተገናኘም፤ ተሳፋሪው መሃል ላይ ባቡር ይቀይራል። ሳጋን ግትር የሚሏት አሉ። እኔ ቀመሩ ነው የተሳሳተው እላለሁ፤ መዋጮው በሀዲዱ ርዝመት ሳይሆን በሚገኘው ጥቅም መመዘን ነበረበት፤ ናጋሳኪም ከሳጋ ድርሻ ላይ መውሰድ ነበረባት።

እንግዲህ የትኛው ለየትኛው?

ሠራተኛን ከዳር ወደ መሃል የሚያመላልስ የከተማ ዙሪያ ባቡር ከሆነ፣ ከመሬትና ከአሠሪ ጀምሩ፤ ማዕከላዊ መንግሥት ከሲሶ በላይ ባይሰጥ አይከፋኝም። በርካታ ክልሎችን የሚያቋርጥ ዋና መስመር ከሆነ ማዕከላዊው ግምጃ ቤት ይምራ፤ ክልሎች ለተጨማሪ ጣቢያና ለምርጫቸው ይክፈሉ፤ ድሃው ክልል ያነሰ፣ ሀብታሙ የበለጠ። ወደ ወደብ የሚወስድ የጭነት መስመር ከሆነ ጫኙና የጭነት መኪናው ይክፈሉ፤ ጫኞቹ ለዓመታት የሚያመጡትን ጭነት በውል ሳያስሩ የውጭ ብድር አይፈረም። ባዶ አገር አቋርጦ ወደፊት ያለማል ተብሎ ለሚታሰብ መስመር የመሬት ታክስም የትኬት ገቢም አይመጣም፤ ያ ንጹሕ የመንግሥት ውሳኔ ነውና በግልጽ እንደዚያው ተብሎ ከበጀት ይከፈል፤ ካልተቻለ ይቆይ።

በየትኛውም ቢሆን ከጭማሪው ላይ የሚከፍለው ወገን ጭማሪውን የሚያመጣውን ውሳኔ የሚወስነው ወገን መሆን አለበት። ከተማው ጣቢያው ከመሬት በታች ይሁን ካለ ከተማው፤ ሚኒስቴሩ ፍጥነቱ ይጨምር ካለ ሚኒስቴሩ፤ ኮንትራክተሩ ዋሻውን በስህተት ከቆፈረ ኮንትራክተሩ። የአፈሩ ጠባይ ያልተጠበቀ ሆኖ ሲገኝ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ለዚያ አስቀድሞ የተቀመጠ መጠባበቂያና በመቶኛ የተከፋፈለ ድርሻ ይኑር። "ይነጋገራሉ" የሚል አንቀጽ ካያችሁ ብዕሩን አስቀምጡ።

የቀረው ጥገና ነው። ሪባን የሚቆረጥበት ቀን ላይ ገንዘብ የሚያዋጣ ሁሉ ይገኛል፤ በሃያኛው ዓመት ሀዲድ ሲቀየር፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲያረጅ፣ መለዋወጫ ሲጠፋ ግን ብቻውን የሚቀረው አስተዳዳሪው ነው። የስዊዘርላንድ የባቡር መሠረተ ልማት ፈንድ ከ2016 ጀምሮ የጊዜ ገደብ በሌለው ሕግ ይተዳደራል። ከጭነት መኪኖች ክፍያ፣ ከካንቶኖች መዋጮና ከታክስ የሚገባው ገንዘብ መጀመሪያ ለነባሩ ሀዲድ ሥራ ማስኬጃና ጥገና ይውላል፤ አዲስ መስመር የሚሠራው በተረፈው ነው።